ከሻምበልነት ወደ ሻለቃነት፦ አንዴ የታለፈ የሪዘርቭ መኮንን ቀጣዩ አንድ ዓመት

ጥያቄው፦ «በአሜሪካ ጦር ሪዘርቭ (ተጠባባቂ ጦር) የሎጂስቲክስ ሻምበል ነኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። መኮንን ከመሆኔ በፊት 4 ዓመት ተራ ወታደር ነበርኩ። በመኮንንነት 10 ዓመት ሞልቶኛል፤ ሻምበል ከሆንኩ 6ኛ ዓመቴ ነው። ዘንድሮ ለሻለቃነት የሚመርጠው የዕድገት ቦርድ ፋይሌን አይቶ ሳይመርጠኝ ቀረ። የሻምበሎችን ኮርስ ከቦርዱ አራት ወር ቀድሜ ጨርሼ ነበር፤ በኋላ ሳይ ግን ወረቀቱ ፋይሌ ውስጥ የለም። አራት ዓመት ሙሉ የሻለቃው ጦር መምሪያ ውስጥ አንድ ወንበር ላይ ነኝ። የሻምበል ጦር አዛዥ እንድሆን ተጠይቄ ነበር። ቦታው ፔንሲልቬንያ ነው፤ የሦስት ሰዓት መንገድ። ልጆቼ ትንንሽ ስለነበሩ ተውኩት። አንድ ዓመት ደግሞ እናቴን ለማስታመም አዲስ አበባ ስከርም ብዙ ድሪል (ወርኃዊ ሥልጠና) አምልጦኛል። አንዱ ‹7 ዓመት ሲሞላህ በራሱ ይመጣል› ይለኛል። ሌላው ‹ወደ አይአርአር፣ ድሪል ወደሌለበት ተጠባባቂ፣ ውጣ፤ ሰዓቱ ይቆምልሃል› ይላል። ናሽናል ጋርድ ያለ ጓደኛዬ ክፍት ቦታ ስለተገኘ ብቻ ሻለቃ ሆኗል። እውነቱን ለመናገር፣ ስሜና አነጋገሬ የጎዱኝ ይመስለኛል። ልውጣ ወይስ ልቆይ?»

ምላሽ፦ ይቆዩ። ግን እስካሁን በቆዩበት አኳኋን ከቀጠሉ የሚቀጥለው ቦርድም ያልፍዎታል። ሁለተኛው መታለፍ ደግሞ እንደ መጀመሪያው በሐዘን ብቻ የሚያልቅ አይደለም። መጀመሪያ ከየሰዉ የሰሙትን ላጥራ።

7 ዓመት ሲሞላ በራሱ የሚመጣ ሻለቃነት የለም። የሪዘርቭ መኮንኖችን ዕድገት የሚገዛው ሕግ በፈረንጆቹ 1994 ወጥቶ ከ1996 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። እዚያ ውስጥ 7 የሚል ቁጥር አለ፤ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። ሠራዊቱ አንድን ሻምበል 7 ዓመት ሳያልፈው ቦርድ ፊት ማቅረብ አለበት ማለት ነው። ግዴታው ማየት ነው፤ መስጠት አይደለም። ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። ከምክትል መቶ አለቃ ወደ መቶ አለቃ 18 ወር ሲሞላ፣ ከባድ ጥፋት ከሌለ፣ ማዕረጉ ይመጣል። ሻምበልነትም ብዙ ሰው አያስጨንቅም። እስከዚያ ድረስ መሰላሉ ራሱ ይዞን ይወጣል። ከሻምበል በኋላ ግን በእግር መውጣት ይጀመራል፤ ይህንን ማንም ቀድሞ አይነግርም።

አይአርአር ሰዓት አያስቆምም። ይህ ከሰሙት ሁሉ የከፋው ምክር ነው። አይአርአር ውስጥ ያለ መኮንንም ንቁ በሚባለው የሪዘርቭ መዝገብ ላይ ነው። ቦርዱ ተራው ሲደርስ እዚያም ያየዋል። የሚቆመው ሰዓቱ ሳይሆን ፋይሉ ነው። ድሪል የለም፤ አለቃ የለም፤ ስለዚህ የሥራ ምዘናም የለም። ቦርዱ የመጨረሻውን ዓመት ሲገልጥ ባዶ ገጽ ያገኛል። ለጡረታም ቢሆን በአባልነት ብቻ የሚገኘው በዓመት 15 ነጥብ ነው። አንድ ዓመት ለጡረታ እንዲቆጠር ደግሞ 50 ነጥብ ያስፈልጋል። ወደ አይአርአር የወጣ ሰው በመጨረሻ የሚያገኘው ሁለተኛውን መታለፍ ብቻ ነው።

የጋርዱ ጓደኛዎ ነገር እውነት ነው፤ ግን ለእርስዎ መንገድ አይሆንም። ናሽናል ጋርድ የየክፍለ ግዛቱ ጦር ነው። የሻለቃ መደብ ሲከፈት ክፍለ ግዛቱ ሰው መርጦ ለፌዴራል ዕውቅና ይልካል። ሪዘርቩም በሕጉ መሠረት በክፍት መደብ የማሳደግ መንገድ አለው። ሆኖም ክፍት መደቡና ፈቃደኛ አለቃ መገኘት አለባቸው። ወደ ጋርድ መዛወር ይቻላል፤ ፎርም 368 በሚባለው የመልቀቂያ ወረቀት ይጠየቃል። ነገር ግን የዘንድሮው መታለፍ አብሮዎት ይሄዳል። ሁለቱም አንድ መዝገብ ላይ ናቸው። ሜሪላንድ ጋርድ ውስጥ የሻለቃ ወንበር ይዞ የሚጠብቅዎት አዛዥ ከሌለ፣ የሚያገኙት አዲስ አለቃ፣ አዲስ ክፍልና የማያውቅዎት መዛኝ ነው። ቦርድ ሊመጣ አንድ ዓመት ሲቀረው ይህ ጥሩ ንግድ አይደለም።

አሁን ወደ ስሙና ወደ አነጋገሩ። ይህንን እንደ ተራ ሰበብ አልቆጥረውም፤ ብዙዎቻችን ውስጥ አለ። ግን ቦርዱ የሚያየውን ይወቁ። ከ2020 ክረምት ጀምሮ የመኮንኑ ፎቶግራፍ ከቦርድ ፋይል ወጥቷል። ዘርና ፆታ የሚገልጹ መረጃዎችም ከሚታየው ገጽ ተሸፍነዋል። ቦርዱ ድምፅዎን አይሰማም፤ ቃለ መጠይቅ የለም። ስምዎ ይታያል፣ እሱ አልተሸፈነም። እንግዲህ አድልዎ ካለ የሚገባው በቦርዱ በር ሳይሆን በአለቃ ብዕር ነው። በሥራ ምዘናዎ ላይ ከሌሎች ሻምበሎች ያነሰ ነገር የተጻፈው በሥራዎ ሳይሆን በማንነትዎ ነው የሚያሰኝ ማስረጃ ካለ፣ የእኩል ዕድል ቢሮና ኢንስፔክተር ጀነራል አሉ። ምዘናውንም ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ የይዘት ይግባኝ የሚቀርበው ምዘናው የሚሸፍነው ጊዜ ካበቃ በ3 ዓመት ውስጥ ነው። ማስረጃ ከሌለ ግን ለቦርዱ በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ ይህንን አያንሱ። ደብዳቤው መዝገብ ሆኖ ይቀራል፤ የሚያነቡት ሰዎች ደግሞ ሊያጣሩት አይችሉም።

ታዲያ ምን ጎዳዎት? ቦርድ ምክንያት አይናገርም። ውይይቱ በሕግ ምስጢር ነው። ነገር ግን ጥያቄዎ ውስጥ መልሱን ራስዎ ጽፈውታል።

የመጀመሪያው የኮርሱ ወረቀት ነው። ለሻለቃነት የሻምበሎች ኮርስ መጠናቀቅ አለበት። መጠናቀቁም ቦርዱ ከሚሰበሰብበት ቀን በፊት መታየት አለበት። እርስዎ ጨርሰዋል፤ ፋይሉ ግን አልጨረሰም። ትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ፎርም 1059 አይፐርምስ ውስጥ፣ ማለትም በኮምፒውተር የተያዘው የግል ማኅደርዎ ውስጥ፣ ካልገባ፣ ለቦርዱ እርስዎ ኮርሱን ያልወሰዱ ሻምበል ነዎት። በሠራተኛ አስተዳደር መኮንንነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት የታለፉ ሰዎች ፋይል ብዙ አይቻለሁ። በስንፍና የታለፈ ጥቂት ነው። በጎደለ ወረቀት የታለፈ ግን ልብ ያቆስላል። እኔም መቶ አለቃ ሳለሁ አንድ ሙሉ ዓመት የሠራሁበት ምዘና ሳይላክ አንድ መሳቢያ ውስጥ ከርሞ አግኝቼዋለሁ። ማን እንደረሳው ዛሬ አልናገርም። ያገኘሁት ግን ራሴ ሄጄ ስለፈለግኩ ነው።

«ስሕተቱ የነሱ ከሆነ ልዩ ቦርድ ይሰብሰብልኝ ማለት አልችልም?» ይሉኝ ይሆናል። ልዩ ቦርድ የሚባል ነገር አለ። ሳይታዩ የቀሩ፣ ወይም ፋይላቸው ላይ ከባድ ስሕተት እያለ የታዩ መኮንኖች ይጠይቁታል። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ መኮንኑ ተገቢውን ትጋት አድርጎ ስሕተቱን ቀድሞ ሊያገኘው ይችል ነበር ወይ? ማይ ቦርድ ፋይል፣ ቦርዱ የሚያየውን ፋይል ቀድመው የሚያዩበት ገጽ፣ ከቦርዱ በፊት ተከፍቶልዎት ነበር። ገብተው አይተው፣ የጎደለውን ሳያመለክቱ «ትክክል ነው» ብለው ከሆነ፣ ጥያቄዎ ደካማ ነው። የላኩት ኢሜይል ወይም የጠየቁበት ማስረጃ ካለ ግን ይጠንክሩበት፤ ማመልከት ገንዘብ አያስከፍልም። ብቻ ተስፋዎን እዚያ ላይ አይስቀሉ። መልሱ እስኪመጣ ቀጣዩ ቦርድ ሊደርስ ይችላል።

ሁለተኛው የሥራ ምዘናው ነው፤ ኦኢአር የምንለው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ የኛ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

የቦርድ አባል አንድን ፋይል የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው ሲኒየር ሬተሩ፣ ማለትም የአለቃዎ አለቃ፣ ወደ ጻፈው ጥቂት መስመር ነው። እዚያ ጎን ደግሞ ሳጥን አለ። ከፍተኛው ሳጥን «ሞስት ኳሊፋይድ» (ከሁሉ ይበልጥ ብቁ) ነው። ሲኒየር ሬተሩ ይህንን ሳጥን መስጠት የሚችለው ከሚመዝናቸው የአንድ ማዕረግ መኮንኖች ከግማሽ በታች ለሆኑት ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ራሱ ይቆጥርበታል። ስለዚህ ቀጥሎ ያለውን ሳጥን፣ «ሃይሊ ኳሊፋይድ» (በጣም ብቁ)፣ ማግኘት ውድቀት አይደለም። ብዙ ጥሩ መኮንን እዚያ ነው ያለው። ልዩነቱን የሚፈጥረው ከሳጥኑ ጎን ያለው ጽሑፍ ነው። «ትጉህ መኮንን ነው፣ ሥራውን በሚገባ ይወጣል» የሚል ጽሑፍ ለኛ ጆሮ ምስጋና ይመስላል። ለቦርድ አባል ግን ዝምታ ነው። «ከምመዝናቸው ስምንት ሻምበሎች ሁለተኛው ነው፤ አሁኑኑ ሻለቃ ይሁን፤ የዘመቻ መኮንንነት ይሰጠው» የሚለው ነው የሚናገረው። ቁጥር፣ ዕድገት፣ ቀጣይ ሥራ፤ እነዚህ ሦስቱ ከሌሉበት ሲኒየር ሬተሩ ምንም አላለም።

አለቃዎ ይህንን የማይጽፈው ጠልቶዎት አይደለም። አያውቅዎትም። ሪዘርቭ ውስጥ ሲኒየር ሬተር የሚያገኝዎት በወር ሁለት ቀን ነው፤ እሱም ከተገናኛችሁ። ብዙ ጊዜ ሌላ ከተማ ነው ያለው። ምን እንደሠሩ የሚያውቀው እርስዎ በሚሞሉት የድጋፍ ፎርም ነው። የኛ ሰው ይህንን ፎርም ሲሞላ አይቻለሁ። ሁለት መስመር። እሱም «እኛ» ብሎ። ራስን ማመስገን ነውር ነው ተብለን አድገናል፤ ሥራው ራሱ ይናገር እንላለን። ግን ያው የኛው ሰው «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብሏል። ሻለቃነትም እንዲሁ ይቀራል።

መፎከር አይጠበቅብዎትም። መቁጠር ነው የሚጠበቅብዎት። «የትራንስፖርት ዕቅድ ላይ ተሳትፌያለሁ» አይበሉ። ስንት ተሽከርካሪ፣ ስንት ሰው፣ ስንት ማይል፣ በስንት ቀን፣ ምን ሳይበላሽ እንደሆነ ይጻፉ። በየድሪሉ ማታ አሥር ደቂቃ ወስደው ስልክዎ ላይ ቢመዘግቡ፣ በዓመቱ መጨረሻ ፎርሙ ራሱን ይሞላል። ከዚያ ሲኒየር ሬተሩን ቀጠሮ ይጠይቁት። በአካል ካልሆነ በስልክ። «ጌታዬ፣ ባለፈው ቦርድ አልተመረጥኩም። በቀጣዩ ቦርድ ዓይን ፋይሌ ምን ይጎድለዋል?» ብለው ይጠይቁ። ይህ ጥያቄ ለሐበሻ ከባድ ነው፤ ልመና ይመስለናል። ለአሜሪካዊ መኮንን ግን የተለመደ የሥራ ንግግር ነው። እንዲያውም ያልጠየቀውን ሰው ዕድገቱን የማይፈልግ አድርገው ነው የሚያዩት።

ቦርዱ ሲታወጅ መግለጫውን ራስዎ ያንብቡ፤ ከፎርት ኖክስ የሰው ኃይል ዕዝ ነው የሚወጣው። ፋይልን ለማሟላት ተብሎ ከመደበኛው ጊዜ ውጪ የሚጻፍ ምዘና የሚፈቀድበት ሁኔታ እዚያው ይገለጻል። በአዲስ ቦታ ቢያንስ 90 ቀን ከሠሩ ሊጠቅምዎት ይችላል።

ሦስተኛው ወንበሩ ነው። አራት ዓመት አንድ ቦታ፣ አዛዥነት የሌለበት። እዚህ ላይ የቋንቋ ነገር ላንሳ። በኛ ሻለቃ ማለት የሺህ አለቃ ነው፤ አዛዥ ነው። በአሜሪካ ጦር ግን የሻለቃ ጦርን የሚያዘው ሌተና ኮሎኔሉ ነው። ሻለቃው ብዙውን ጊዜ መምሪያ ውስጥ ነው፦ የዘመቻ መኮንን ወይም ምክትል አዛዥ። ስለዚህ «እኔ መምሪያ ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ለሻለቃነት ከኔ የተሻለ ማን አለ?» ሊሉ ይችላሉ። ቦርዱ ግን በተቃራኒው ያስባል። ወታደርን በቀጥታ ያዘዘ፣ የሰው ደመወዝ፣ የሰው ቤተሰብ፣ የጠፋ መሣሪያ ኃላፊነት ትከሻው ላይ ያረፈበት ሰው ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ለሎጂስቲክስ ሻምበል የሻምበል ጦር አዛዥነት ትልቁ ምልክት ነው። ያለ እሱ የተመረጡ አሉ። ግን ያለ አዛዥነት፣ ያለ ኮርስ ወረቀትና በለስላሳ ምዘና የተመረጠ አላየሁም።

ፔንሲልቬንያ እንግዲህ። ልጆችዎ ትንሽ እያሉ መተውዎን አልወቅስም። ሪዘርቭ ውስጥ ዕድገት የመኪና ጉዳይ ነው። መደበኛ ጦር ሰውን ከነቤተሰቡ ያዛውራል። እኛን ማንም አያዛውረንም፤ ክፍት መደቡ ያለበት ቦታ ራሳችን እንነዳለን። የሦስት ሰዓት መንገድ በወር አንድ ጊዜ ነው፣ ዓርብ ማታ ሄደው እሑድ ማታ ይመለሳሉ። የሚኖሩበት ቦታ ከክፍሉ ከ150 ማይል በላይ ከራቀና መደቡ ከተፈቀዱት አንዱ ከሆነ የጉዞ ማካካሻ አለ፤ ክፍሉን ይጠይቁ። አዛዥነቱ ከባድ የሚሆነው ግን በመንገዱ አይደለም። በሥራ ቀን ማታ ማታ በሚመጣው ስልክና ኢሜይል ነው። ያ ሰዓት አይከፈልም ማለት ይቻላል። ባለቤትዎ ይህንን ሳያውቁ አይፈርሙ።

አዛዥነት አሁን ካልተገኘ፣ ቢያንስ ወንበር ይቀይሩ። አሁን ባሉበት ጦር መምሪያ የዘመቻ ክፍል፣ ወይም በብርጌድ ደረጃ የሎጂስቲክስ ቦታ ይጠይቁ። የዋሽንግተን አካባቢ ሪዘርቭ ክፍል የሚበዛበት ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሳያዩ «የለም» አይበሉ። ስለ መደብ ሌላም ምክንያት አለኝ። ቦርድ ቢመርጥዎትም፣ እንደ እርስዎ በክፍል ውስጥ የሚያገለግል መኮንን በመደበኛው አሠራር ማዕረጉን የሚለብሰው የሻለቃ መደብ ላይ ሲቀመጥ ነው። መደብ ያላገኘ ተመራጭ ወይ ዕድገቱን ያዘገያል፣ ወይ ክፍሉን ለቆ ይወጣል። ስለዚህ የሻለቃ ወንበሮች የት እንዳሉ ማወቅ ያለብዎት ዛሬ ነው።

«ቦርዱ ለአንድ ዓመት እንዳያየኝ ብጠይቅስ?» የሚልም ይኖራል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሕጉ ይህ መብት ገብቷል። ትምህርት ላይ ያለ ወይም ልዩ ምደባ የያዘ መኮንን ከቦርድ ልቆይ ማለት ይችላል። ግን ለዚያ ማዕረግ አንድ ጊዜ የታለፈ ሰው አይፈቀድለትም። ለእርስዎ በሩ ተዘግቷል። ከእርስዎ በታች ያሉ መቶ አለቆችና አዲስ ሻምበሎች ግን ይህንን ይወቁት።

አሁን ሁለተኛው መታለፍ ምን እንደሚያመጣ። ሕጉ ግልጽ ነው። ለሻለቃነት ሁለት ጊዜ ያልተመረጠ ሻምበል ይሰናበታል። ጊዜው የቦርዱ ውጤት ከጸደቀበት ወር በኋላ ያለው 7ኛ ወር የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ሁለት መከላከያዎች አሉ። አንዱ፣ ለጡረታ የሚቆጠር አገልግሎታቸው 18 ዓመት ሞልቶ 20 ያልደረሰ መኮንኖች እስከ 20 ድረስ ይጠበቃሉ። ሌላው፣ ሠራዊቱ ሲፈልግ በልዩ ምርጫ የሚያቆያቸው አሉ። ይህ ሁለተኛው መብት አይደለም፤ የሠራዊቱ ፍላጎት ነው።

ሂሳብዎን እንሥራ። 4 እና 10 ሲደመር 14 ዓመት ነው። ግን አዲስ አበባ የከረሙበት ዓመት 50 ነጥብ ካልሞላ 13 ነው። በሚቀጥለው ቦርድ ጊዜ 14 ይሆናል። ከ18 በጣም ይርቃል። ስለዚህ ሁለተኛ ጊዜ ከታለፉ የ18 ዓመቱ መከላከያ አይደርስልዎትም። የሪዘርቭ ጡረታ 20 የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈልጋል፤ ክፍያውም በመሠረቱ በ60 ዓመት ዕድሜ ነው የሚጀምረው። በ14 ወይም በ15 ዓመት የወጣ ሰው ከዚህ ምንም አያገኝም። ምስጋናና ባንዲራ ብቻ።

በሌላ በኩል ሻለቃ ቢሆኑ ነገሩ ይገለበጣል። ሻለቃ ለሌተና ኮሎኔልነት ሁለት ጊዜ ቢታለፍ እንኳ በመኮንንነት 20 ዓመት እስኪሞላው መቆየት ይችላል። እርስዎ በመኮንንነት 10 ላይ ነዎት። ሌላ 10 ዓመት አለዎት ማለት ነው፤ የሚጎድልዎት ግን 7 የሚቆጠር ዓመት ነው። ለእርስዎ ሻለቃነት የትከሻ ምልክት ብቻ አይደለም፤ የጡረታዎ ዋስትና ነው። «ይቆዩ» የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ ተናድዶ መውጣት ገና ያልተዘጋ በርን በራስ እጅ መዝጋት ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ፎርም 1059ን ከትምህርት ቤቱ ያስመጡና አይፐርምስ ውስጥ ያስገቡ። ገባ ሲሉዎት አይመኑ፤ ራስዎ ከፍተው ይዩ። አይፒፒኤስ-ኤ (የሠራዊቱ የሠራተኛ መረጃ ሥርዓት) ላይ ያለው መግለጫ ገጽዎም ኮርሱን፣ ዲግሪዎን፣ የሥራ ቦታዎን በትክክል ማሳየት አለበት። ሁለቱ እንዳይጋጩ። በሚቀጥለው ድሪል ከሲኒየር ሬተሩ ጋር ይነጋገሩ። በሦስት ወር ውስጥ አዲስ ወንበር ይያዙ። የጤና ምርመራና የአካል ብቃት ፈተና በጊዜው ይለፉ። አንድ ጊዜ ፍላግ ከተደረጉ፣ ማለትም ፋይልዎ ላይ የእገዳ ምልክት ከተደረገ፣ የተመረጡት ማዕረግ እንኳ ይታገዳል። ለሥልጠና ከሲቪል ሥራዎ የሚወስዱትን ቀን አሠሪዎ ሊከለክልዎት አይችልም። በ1994 የወጣው የሥራ ጥበቃ ሕግ ይህንን ይሸፍናል፤ ብቻ አስቀድመው ያሳውቁ።

ለቦርዱ ደብዳቤ መጻፍ መብትዎ ነው። ካስፈለገ ብቻ ይጻፉ፤ ከጻፉም ከአንድ ገጽ አይለፍ። የጎደለው ወረቀት እንደገባ ይናገሩ። አዲስ አበባ የቆዩበት ዓመት ምዘናዎ ላይ ክፍተት ፈጥሮ ከሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስረዱ፦ እናትዎን አስታመዋል፣ ተመልሰዋል። የእናት ነገር ማንም ሰው ይገባዋል፤ ሲደጋገም ግን ልመና ይሆናል። የመቀበያው የመጨረሻ ቀን በቦርዱ መግለጫ ላይ ስላለ እሱን ይጠብቁ።

አንድ ነገር ደግሞ ጎን ለጎን ይያዙ። ፎርም 5016 የሚባለውን የነጥብ መግለጫ ያውጡና ዓመት በዓመት ይዩት። የኮርሱ የርቀት ትምህርት ሰዓትና ያካካሷቸው ድሪሎች ነጥብ ሳይያዝላቸው ቀርተው ሊሆን ይችላል። ያ የአዲስ አበባ ዓመት 46 ወይም 48 ላይ ቆሞ ከሆነ፣ ያልተመዘገበ ነጥብ በማስረጃ ተገኝቶ ዓመቱ ሊተርፍ ይችላል። ከቦርዱ በፊትም የዋራንት ኦፊሰር (በአንድ ሙያ ላይ የሚያተኩር መኮንን) መልማይ ያነጋግሩ። የሎጂስቲክስ ልምድ ያለው ሻምበል እዚያ ሊፈለግ ይችላል። ሁለተኛው መልስ ክፉ ቢሆን፣ ማዕረግ ቀንሶም ቢሆን የሚቀሩትን ዓመታት ለመሙላት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ማመልከቻው ወራት ስለሚፈጅ የስንብት ደብዳቤው እስኪመጣ አይጠብቁ።